አምፖሉ በርቶ ጫጩቶቹ በብርድ አለቁ፦ የደሴው ጉዳይ

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ደሴ፣ ገራዶ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት ኅዳር ላይ 100 የአንድ ቀን ጫጩት አስመጣች። ሳሶ የሚባለው የዶሮ ዝርያ ናቸው፤ አሳድጋ እንቁላል ልትሸጥ ነው። ከግቢዋ ጀርባ ያለችውን ክፍል አጸዳች፣ ጭድ ጎዘጎዘች፣ መኖና ውሃ አቀረበች፣ ጣሪያው ላይ ስድስት አምፖል ደርድራ ሰቀለች። ክፍሉ ቀን መሰለ። በማግስቱ ጠዋት በሩን ስትከፍት ጫጩቶቹን አንድ ጥግ ላይ ተቆልለው አገኘቻቸው። ከላይ ያሉት ይጮኻሉ፣ ከሥር ያሉት አልቀዋል። በሁለተኛውም ሌሊት ያው ሆነ።

ሰፈሩ ወዲያው ፈረደ። «ፈንግል ገብቷል!» አንዷ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ውሃው ውስጥ ጨምሪ አለቻት፣ ሌላው አንቲባዮቲክ አስገዛት። አንድ ሰው ደግሞ «ቀይ መብራት ነው የሚያስፈልግሽ» ብሏት ከፒያሳ ባለ 250 ዋት ቀይ አምፖል ገዝታ ሰቀለች። በሦስተኛው ሌሊትም ሞቱ። ዶሮ ርባታ ላይ እንደምሠራ ሰው ነግሯት ስትደውልልኝ እያለቀሰች ነበር። ገንዘቡ የዕቁብ ነው። «አብሽሪ፣ ነገ በማለዳ እመጣለሁ» አልኳት። ስደርስ 71 ቀርተዋል።

ነገሩን ከነዝርዝሩ የምጽፈው እሷ ላይ የደረሰው በየዓመቱ ስለሚደርስ ነው። ደሴ፣ ኩታበር፣ ቦሩ ሜዳ፣ ደላንታ፤ ደጋ ላይ ጫጩት የሚያሳድግ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞትበትን በበሽታ ያሳብባል፤ እኔ ካየኋቸው ውስጥ ግን አብዛኛው ብርድ ነው። ብርድ ደግሞ መድኃኒት አይገዛለትም።

በመጀመሪያ የበሽታውን ነገር እናጥራ። የሞቱት ሁሉ የተገኙት ጠዋት ነው፣ ሁሉም ከክምሩ ሥር፣ ተጨፍልቀው። ቀን ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታሞቀው የቀሩት ይሮጣሉ፣ ይጭራሉ፣ ይበላሉ። በሽታ እንዲህ ሰዓት አይመርጥም። የሚያስነጥስ የለም፣ አንገቱ የተጣመመ የለም፣ አረንጓዴ ተቅማጥ የለም። አንዷን አንስቼ እግሯን ጉንጬ ላይ አስጠጋሁት። ይህ ቴርሞሜትር የማይፈልግ ምርመራ ነው፤ የጫጩት እግር ጉንጭ ላይ ሲደረግ ለብ ካለ ደህና ነች፣ ከቀዘቀዘ በርዷታል። የዚህችኛዋ እግር እንደ ጠዋት ብረት ነበር። ጉሮሮዋ ሥር ያለችው የእህል ከረጢት ባዶ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ አልበላችም። ከኋላዋ ኩሱ ደርቆ ተለጥፎ ቀዳዳውን ደፍኖታል። ይሄም ብርድ ከሚያመጣቸው ነገሮች አንዱ ነው። በለብታ ውሃና በጨርቅ ቀስ ብሎ ማጽዳት ነው፣ መጎተት የለም፤ ከተጎተተ ቆዳው ይላጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የአንድ ቀን ጫጩት የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም። ላባ የላትም፣ ያላት ጸጉር መሳይ ነገር ብቻ ነው፤ የሰውነቷ ሙቀት መቆጣጠሪያም ገና አልበሰለም። ይህ እስኪስተካከል ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ የምትኖረው ከውጭ በሚመጣ ሙቀት ነው። ሆዷ ውስጥ ከእንቁላሉ የቀረ አስኳል አለ፤ ሁለት ሦስት ቀን የሚያቆያት እሱ ነው። ከበረዳት ግን አስኳሉም በደንብ አይመጠጥም፣ ወደ መኖና ወደ ውሃም አትሄድም። የምታውቀው አንድ መላ ነው፦ ጓደኛዋ ላይ መውጣት። መቶዋም ይህን ስታደርግ ከሥር ያለችው ትታፈናለች። ስለዚህ የገደላቸው ብርዱና ክምሩ አንድ ላይ ሆነው ነው።

ታዲያ ስድስቱ አምፖሎች? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሐሳቡን ያገኘችው ኮምቦልቻ ካለች እህቷ ነው። እህትየው ከዓመታት በፊት በስድስት አምፖል መቶ ጫጩት ያለ ችግር አሳድጋለች። እውነቷን ነው፣ አልዋሸቻትም። ግን የእህትየው አምፖሎች የድሮዎቹ ናቸው፣ ውስጣቸው ክር ያለባቸው ባለ 60 ዋት። ስድስቱ ሲደመሩ 360 ዋት፤ ከዚያ ውስጥ ብርሃን የሚሆነው ጥቂት ነው፣ የቀረው በሙሉ ሙቀት ነው። አሁን ከሱቅ የሚገዛው ኤልኢዲ ግን የተሠራው ለዚያ አይደለም። እሷ የሰቀለቻቸው ባለ 9 ዋት ናቸው፤ ስድስቱ ተደምረው 54 ዋት። ቆጣሪ ላይ ለመቆጠብ ሸጋ ነገር ነው፣ ጫጩት ለማሞቅ ግን ከንቱ። «እስኪ አንዱን ንኪው» አልኳት። ነካችው፤ መስታወቱ እምብዛም አይሞቅም። ያቺ ትንሽ ሙቀትም ጣሪያው ሥር ቀርታ ወለሉ ላይ አትደርስም።

ሁለተኛው ልዩነት ቦታው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና ሩቅ አይደሉም፣ ሐረጎን ወርደህ ደረስክ። ግን ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት ቁጭ ብሏል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ደመና የለም፣ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ይሄዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ ይሄን ያባብሰዋል፤ ቀን እንደ ምጣድ የጋለው ቆርቆሮ ሌሊት ከውጭው አየር የባሰ ይቀዘቅዛል። የኮምቦልቻን ልምድ ደሴ ላይ እንዳለ መገልበጥ አይሆንም። ወደ ቦሩ ሜዳና ወደ ደላንታ ስትወጣማ ሌላ ሒሳብ ነው።

ቀዩ አምፖልስ? እሱ በትክክል የማሞቂያ አምፖል ነው፣ ኢንፍራሬድ የሚባለው፣ ለዚሁ የተሠራ። ግዢው ጥሩ ነበር፣ አሰቃቀሉ ነው የገደላቸው። አምፖሉን በራሱ ገመድ ክፍሉ መሐል ላይ አንጠልጥለውታል፣ ከጭዱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ቴርሞሜትሬን አምፖሉ ሥር፣ ጫጩት ጀርባ በሚደርስበት ከፍታ አኖርኩት። 43 ዲግሪ። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርቄ ስለካው 17። ጭዱ ከሥሩ ጠቆር ብሏል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ የአምፖሉ ፕላስቲክ መያዣም መለስለስ ጀምሯል። ከአንድ ሁለት ሌሊት በኋላ ጉዳዩ የጫጩት ሳይሆን የቤት ቃጠሎ ይሆን ነበር።

ጫጩቶቹን ብቻ ቆሞ ማየት ግን ከቴርሞሜትሩ በላይ ይናገራል። አምፖሉ ሥር ባዶ ክብ አለ፣ ማንም አይገባበትም። ከክቡ ዳር አንዳንዶቹ ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። የቀሩት በር ተቃራኒ ያለው ጥግ ላይ ተጣብቀው ተቆልለዋል። በአንድ ክፍል ውስጥ የሚቃጠልም የሚበርደውም አለ። መሐል ላይ የሚኖርበት ቦታ የለም።

ይህን ስታይ ግራ ገብቷት «ይሞቃል ብዬ ነው እንጂ፤ ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ። እኔም ስለ እናት ዶሮ ጠየቅኳት። ገጠር ነው ያደገችው፣ ታውቃለች። እናት ዶሮ ክፍሉን አታሞቅም። አየሩ ብርድ ነው። ጫጩቶቹ እየወጡ በብርዱ ይጭራሉ፣ ይጠጣሉ፣ ሲበርዳቸው ክንፏ ሥር ይገባሉ፣ ሲሞቃቸው ይወጣሉ። ክንፏ ሥር ደግሞ ጨለማ ነው። ሙቀት አለ፣ ብርሃን የለም። ሙቀትና ብርሃን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጫጩት ሁለቱንም ትፈልጋለች፣ ግን በተለያየ ሰዓትና በተለያየ መጠን። የኛ ሥራ ያንን ክንፍ መሥራት ነው፤ አንድ ሞቃት ቦታ፣ ዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ምርጫው የጫጩቷ።

የዚያኑ ቀን ሥራ ጀመርን። መጀመሪያ ጥጎቹን አጠፋን። ከሱቅ የማቀዝቀዣና የቴሌቪዥን ካርቶን ለምናቸው ልጆቿ አመጡ፣ ቆርጠን በሽቦ አያያዝን፣ ከጉልበት ከፍ የሚል ክብ አጥር ሠራን፣ ወርዱ ወደ ሁለት ሜትር። ክብ ነገር ውስጥ የሚደበቁበት ጥግ የለም፤ ቢቆለሉም ይንሸራተታሉ። ሌላው ጥቅሙ አጥሩ ሙቀቱን ከነፋስ መከለሉ ነው። ደግሞም በዚህ ዕድሜ ከአምፖሉ ርቃ የሄደች ጫጩት መመለሻው ይጠፋባታል፣ አጥሩ አያርቃትም። ከአራት አምስት ቀን በኋላ እየሰፋ ይሄዳል።

ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ከሥር ሙቀት ይመጥጣል፣ ጭዱም ስስ ነበር። ከሥር ካርቶን አነጠፍን፣ በላዩ የጤፍ ጭድ አንድ ጥሩ ስንዝር ያህል ሞላን፣ ጠቅጠቅ ስናደርገው ወደ 10 ሳንቲሜትር ወረደ። ሰጋቱራ ነበራት፤ ደቃቅ ስለሆነ ለመጀመሪያው ሳምንት አልፈለግሁትም። መኖና ሰጋቱራ መለየት ያልተማሩ ጫጩቶች ይለቅሙታል።

ከዚያ ነፋሱ። ጎንበስ ብሎ በጫጩት ቁመት ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሰው ቆሞ የማይሰማው ነፋስ ወለሉ ላይ ይነፍሳል። ቡና እያፈላች ስለነበር ማጨሻውን ከነዕጣኑ ተቀብያት በየግድግዳው ሥር እየዞርኩ ጭሱን አየሁ። በሩ ሥር ስደርስ ጭሱ ተኝቶ ወደ ውስጥ ሮጠ። በቀኝ በኩል ካለች የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅም እንደዚሁ። በሩ ሥር ማዳበሪያ ጠቀለልን፣ ስንጥቁን በጭቃ መረግነው። ላዩን ግን አልነካነውም። ጣሪያና ግድግዳ መሐል ያለው ክፍተት መተንፈሻቸው ነው። ብዙ ሰው ብርድ ሲፈራ ሁሉንም ቀዳዳ በላስቲክ ይደፍናል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ ዓይን ያቃጥላል፣ ጫጩቶቹም መተንፈሻቸው ይታመማል። ሥሩ ይዘጋ፣ ላዩ ይከፈት።

አምፖሉን ከገመዱ አወረድነውና በሰንሰለት ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ አሰርነው። የመብራት ገመድ ክብደት መሸከሚያ አይደለም፤ ቢበጠስ የጋለ አምፖል ጭድ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ሰንሰለት ሌላም ጥቅም አለው፣ አንድ ቀለበት ዝቅ፣ አንድ ቀለበት ከፍ እያደረግህ ሙቀቱን ታስተካክላለህ። የፕላስቲኩ መያዣ በሸክላ ተቀየረ። ከላዩ የተጎነበሰ የቆርቆሮ ሳህን መሳይ ክዳን አደረግንለት፣ ሽቅብ የሚሄደውን ሙቀት ቁልቁል ይመልሳል። ውሃ መጠጫዎቹን ከሥሩ አራቅናቸው፤ በጋለ አምፖል ላይ የውሃ ጠብታ ቢረጭ ይፈነዳል።

ከፍታው? ከጭዱ 50 ሳንቲሜትር ገደማ ጀመርን። ቴርሞሜትሩን ከአምፖሉ በቀጥታ ሥር ሳይሆን ከብርሃኑ ክብ ጠርዝ ላይ፣ ከጭዱ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገን አኖርነው። ይሄ ቦታ ነው ወሳኙ። ቀይ አምፖል የሚያሞቀው ጨረሩ ያረፈበትን ነገር እንጂ አየሩን አይደለም፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር 16 ቢልም ጫጩቶቹ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ፣ 25 ቢልም ሊበርዳቸው ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት የምንፈልገው እዚያ ጠርዝ ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው። አምፖሉን ሁለት ቀለበት አወረድን፣ 33 ላይ ቆመ። የክቡ ዳር ደግሞ 24 ነበር። ይሄ ልዩነት ጉድለት አይደለም፣ የተፈለገው እሱ ነው።

አንድ አምፖል ግን ለደሴ ሌሊት አልበቃኝም። ቢቃጠልስ? ባለ 150 ዋት ሌላ አንድ ቀይ አምፖል ተጨመረ፣ ጎን ለጎን ሆነው ሞቃቱ ቦታ ሞላላ ሆነ፣ 71 ጫጩት ሳይጋፋ ተኛበት። ሁለተኛው ምክንያት የመብራቱ መድከም ነው። ማታ ማታ ሁሉም ሰው ምድጃ ሲለኩስ ኃይሉ ይወርዳል፣ አምፖሉ ሲፈዝ በዓይን ይታያል። ለ220 ቮልት የተሠራ ባለ 250 ዋት አምፖል 180 ቮልት ሲደርሰው የሚሰጠው ከ170 እስከ 180 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ማለት ብርዱ መግባት ሲጀምር ማሞቂያው ሩቡን ያህል አቅሙን ያጣል። ቀን ላይ አስተካክሎ መሄድ ስለዚህ አያስተማምንም። መለካት ያለበት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው፣ ብርዱ ሲብስ።

ለመጀመሪያው ሌሊት ያልኳት ይህን ነው፦ «ቴርሞሜትሩን እርሺው፣ እነሱን እዪ።» ሁሉም አምፖሉ ሥር ከተጠጋጉና ድምፃቸው ቀጭን ጩኸት ከሆነ፣ በርዷቸዋል፣ አንድ ቀለበት አውርጂ። ከአምፖሉ ሸሽተው አጥሩን ተጠግተው አፋቸውን ከከፈቱ፣ ሞቋቸዋል፣ አንድ ቀለበት ከፍ አድርጊ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ብቻ ካደሉ ከሌላው ወገን ነፋስ እየገባ ነው፣ ፈልጊው። ከተበታተኑ፣ አንዱ እየበላ አንዱ እግሩን ዘርግቶ በጎኑ ከተኛ፣ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ማጉረምረም ከሆነ፣ አንቺም ሂጂ ተኚ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በጎኗ እግሯን ዘርግታ የተኛች ጫጩት አዲስ ሰው ታስደነግጣለች፣ የሞተች ትመስላለች። ደህና ሙቀት ያገኘች ጫጩት እንዲህ ነው የምትተኛው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደወለችልኝ። የክፍሉ አየር 13 ነው፣ አምፖሉ ጠርዝ ላይ 30። አንድ ቀለበት አወረደች፣ 32 ሆነ። ጠዋት አንድም አልሞተም።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን ጥያቄ ያነሱት ጎረቤቷ ናቸው፣ ትልቅ ሰው፣ ነገሩን ሁሉ ቆመው ሲያዩ የነበሩ። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሽቦ መብራት የሄደ ጊዜ ምን ሊያደርግላት ነው? ከሰል አስገቡላቸው» አሉኝ። «እርስዎ ያሉት የሚሠራበት ቤት አለ ጋሼ፣ ግን ለዚህች ጠባብ ክፍል አይሆንም» አልኳቸው። በከሰል የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ፣ ጭስ ማውጫ ባለው ምድጃና በሰፊ ቤት። በጠባብ ክፍል የገባ የከሰል እሳት ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ የሚያነቃም ነገር የለውም። ጫጩቶቹ ከመሞታቸው በፊት እነሱን ልታይ የገባችው እናት ልትወድቅ ትችላለች። በየክረምቱ ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ የተኛ ቤተሰብ አለቀ ሲባል እንሰማለን። ለጫጩት ብላችሁ ይሄን አታድርጉ፣ በተለይ ልጆች የሚተኙበት ቤት ጎን ከሆነ። ይህን እየለመንኩ ነው የምጽፈው።

መላው ሌላ ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሁልጊዜ ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ። መብራት ሲሄድ ውሃ በከሰልም በእንጨትም ውጭ ይሞቃል፣ እጅ ለአፍታ የሚችለው ያህል፣ 60 ዲግሪ ገደማ፤ የፈላ ውሃ ጄሪካኑን ያጣምመዋል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ክቡ ውስጥ ይገባል፣ ጫጩቶቹ ጎኑን ተደግፈው ይተኛሉ። ሒሳቡ ይገርማል፦ 20 ሊትር ውሃ ከ60 ወደ 30 ዲግሪ እስኪወርድ የሚለቀው ሙቀት ባለ 250 ዋት አምፖል በሦስት ሰዓት ገደማ ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። በላዩ ክቡን በከፊል በብርድ ልብስ መሸፈን ነው፣ አንድ ወገን ለአየር ክፍት ሆኖ።

ከዚህ የተሻለው የጭድ ሳጥኑ ነው። መብራት ለሌለበት ገጠር እንዲሆን በአገራችን የግብርና ተመራማሪዎች የተሞከረ ነገር ነው፣ እኔም በጣም እወደዋለሁ። ትንሽ ሳጥን ትልቅ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ በመሐላቸው ያለው ክፍተት በደረቅ ጭድ ይጠቀጠቃል፣ ከላይም ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ እንደ ክዳን ይሆናል። መተንፈሻ ቀዳዳ ይበሳለታል። ሌላ ማሞቂያ የለውም። ጫጩቶቹ ራሳቸው የሚያወጡትን ሙቀት ጭዱ አያስወጣውም፣ በዚያው ይሞቃሉ። ቀን ወጥተው ይበላሉ፣ ማታ ይገባሉ። ለዚህች እናት ባሏ በጣውላ ሁለት ሠራላት፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ምናምን ጫጩት ይይዛል። በጣም ማጨናነቅ አይቻልም፣ እርጥብ ጭድም አይሆንም። በሁለተኛው ሳምንት መብራት ከምሽት እስከ ማለዳ ጠፋ። እዚያ ሳጥን ውስጥ አደሩ። ያን ሌሊት የሞተ የለም።

የብርሃኑን ጉዳይ በአጭሩ ላንሳ። ኤልኢዲዎቹን አልጣልናቸውም፣ አንዱ ቀረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጫጩት መኖና ውሃ የት እንዳለ ማየት አለባት፤ ስለዚህ 23 ሰዓት ብርሃን፣ አንድ ሰዓት ጨለማ ይመከራል። ያቺ አንድ ሰዓት ጨለማ የምትሰጠው ለመላመድ ነው። ጨለማ አይታ የማታውቅ ጫጩት መብራት በድንገት ሲጠፋ ትደነግጣለች፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሮጣሉ፣ ይረጋገጣሉ። የዚህች እናት ጫጩቶች አራት ቀን ሞልቷቸው ስለነበር በየቀኑ ጨለማውን እየጨመርን በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሌሊቱን በቀዩ ብቻ አደሩ። ቀዩ ብርሃን እርስ በርስ መነካከስንም ይቀንሳል፤ ደማቅ ነጭ ብርሃን ሥር አንዷ ትንሽ ከደማች ሌሎቹ ይሰለፉባታል። ከዚያ በኋላ እስኪያድጉ የተፈጥሮው ቀን ይበቃቸዋል፣ እኛ አገር 12 ሰዓት ገደማ ነው። እንቁላል ጣይ የምታሳድጉ፣ በዕድገታቸው ወቅት ብርሃን አትጨምሩ። ገና ሳይደርሱ እንቁላል ይጀምራሉ፣ እንቁላሉም ያንሳል። መጨመር የሚመጣው መጣል ሲጀምሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የመቀነስ ሥራ ነው። በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል፦ በሁለተኛው ሳምንት 30 ገደማ፣ በሦስተኛው 27፣ በአራተኛው 24፣ እስከ 21። ሰንሰለቱ ከፍ ከፍ ይላል፣ አጥሩ ይሰፋል፣ ጭዱ ይገለበጣል፣ የረጠበው ይወጣል። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ቀን ቀን ባለ 250ው ይጠፋ ነበር፣ የደሴ የቀትር ፀሐይ ለቆርቆሮ ክፍል በቂ ነው። ክትባቱን በጊዜው የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሰጠላቸው። ሙቀቱ መስተካከሉ ፈንግልን አይከላከልም፣ ሁለቱ አይተካኩም።

ወጪውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግ አይደለም፣ ብዙ ሰው ቀይ አምፖል የማይገዛው ቆጣሪውን ፈርቶ ነው። ባለ 250 ዋት አምፖል ቀንና ሌሊት ሲበራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ባለ 150ው 3.6። ሁለቱ አንድ ላይ በቀን 9.6። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይሄ ነው ሙሉው፣ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። እሷ ራሷ ቁጭ ብላ አስልታ፣ በሦስት ሌሊት የሞቱባት ጫጩቶች ዋጋ ከዚህ ሁሉ መብራት ይበልጣል አለች። ጭድና ካርቶን ደግሞ በነጻ ነው የተገኙት።

ከ71ዱ በሚቀጥሉት ቀናት አራት ሞቱ። ሁለቱ ከመጀመሪያውም ደክመው ነበር፣ አስኳላቸው ሳይመጠጥ የቀረ መሰለኝ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ነበር። እነዚህን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ የመጀመሪያው ሌሊት ብርድ ከቀናት በኋላም ይገድላል። የተረፉትም ቢሆኑ በሁለተኛው ወር ላይ እኩል አልነበሩም፤ ጥቂቶቹ ከእኩዮቻቸው አንድ ሳምንት ወደኋላ የቀሩ ይመስሉ ነበር። ለእነሱ የተለየ መመገቢያ አደረገችላቸው፣ ካልሆነ ትልልቆቹ አያስበሏቸውም።

67ቱ በስድስተኛው ሳምንት ያለ አምፖል ማደር ቻሉ፣ ላባቸው ሞልቷል። ሁለተኛውን ዙር ልታስመጣ ስትል ጠየቀችኝ፣ እኔም ያልኳት ሁለት ነገር ነው። ብርዱ ይለፍ፣ የካቲት ካለፈ በኋላ ይሁን። እና ጫጩቶቹ ከመድረሳቸው በፊት በነበረው ቀን አምፖሎቹ ይብሩ። 24 ሰዓት ቀደም ብሎ። ጭዱና ወለሉ ሙቀት ሳይጠጡ ጫጩት ማስገባት ቀዝቃዛ አልጋ ላይ እንደ ማስተኛት ነው፤ ረጅም መንገድ መጥተው ደክመዋል፣ መጀመሪያ የሚያገኙት ለብ ያለ ጭድና ለብ ያለ ውሃ በትንሽ ስኳር መሆን አለበት። መንቁራቸውን አንድ በአንድ ውሃው ውስጥ ነክሮ ማስቀመስ፣ ከዚያ መኖ። ማታ ሲሆን ጉሮሯቸው ሥር በጣት መዳሰስ፤ ከረጢቷ ሞልታ ለስላሳ ከሆነች በልተዋል፣ ጠጥተዋል። ባዶ ከሆነች ሌሊቱ ሳይመሽ አምፖሉ ይታይ።